የሐረርን ስፔሻሊቲ ቡና በቤት ውስጥ በፊልተር የማፍላት መመሪያ፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ነዋሪዎች

«የሐረር ቡና የዘቢብና የእንጆሪ ጣዕም አለው ይባላል፤ እኔ ቤት ሲፈላ ግን ለምን ምሬት ብቻ ይሆናል?» የሚለውን ጥያቄ ከከዚራም፣ ከሳቢያንም፣ ከጀጎል ውስጥም ያሉ ወዳጆቼ ደጋግመው ስለሚያነሡብኝ፣ በየጊዜው በቃል ከመመለስ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ማስቀመጥ ይሻላል ብዬ ይህን መመሪያ አዘጋጅቻለሁ። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ቡናውም የማፍያ ዕቃውም አላቸው። የሚሳሳቱት በባሕር ወለል አጠገብ ለሚኖር፣ ለስላሳ ውኃ ለሚጠቀምና መጠኑ የተስተካከለ የታጠበ ቡና ለሚገዛ ሰው የተጻፈን መለኪያ እንዳለ በመከተላቸው ነው። እኛ ዘንድ ውኃው ባነሰ ሙቀት ይፈላል፣ የቧንቧው ውኃ ኖራ ይበዛዋል፣ ቡናው ደግሞ ከነገለባው በፀሐይ የደረቀ፣ መጠኑም ብስለቱም የተለያየ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በእነዚህ ሦስት ነገሮች ልክ የተሰፉ ናቸው።

ስፔሻሊቲ የሚባለው በሠለጠኑ ቀማሾች ተቀምሶ ከ100 ነጥብ 80ና ከዚያ በላይ ያገኘ ቡና ነው። ከገበያ በኪሎ የሚገዛ ቡና ይህ ምስክር ላይኖረው ይችላል፤ ሆኖም በጥንቃቄ ከተለቀመና ከተቆላ ወደዚያ ደረጃ በእጅጉ ይቀርባል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 250 ግራም ጥሬ የሐረር ቡና። የተቆላ ከገዙ የተቆላበት ቀን የተጻፈበት ይሁን።
- ዲጂታል ሚዛን፣ ቢቻል እስከ 0.1 ግራም የሚለይ። ማንኪያ ሚዛንን አይተካም፤ ለስለስ ብሎ የተቆላ ቡና ከጠቆረ ቡና ይልቅ ስለሚከብድ፣ አንድ ማንኪያ የተባለው ዛሬና ነገ እኩል አይሆንም።
- ፍሬውን በጥርስ መካከል እየጨፈለቀ የሚፈጭ የእጅ መፍጫ። የሌለው ሰው ሙቀጫ፣ ዘነዘናና የሻይ ማጥለያ ይዞ መሥራት ይችላል።
- ቪ60 የሚባለው ዓይነት ሾጣጣ የፊልተር መያዣና በልኩ የተሠራ ወረቀት። የፕላስቲኩ መያዣ ከሸክላው ይልቅ ዋጋው ዝቅ ያለ ከመሆኑም በላይ ሙቀት አይሰርቅም፤ በተለይ ለሐረር እሱን እመክራለሁ።
- ቀጭን አፍንጫ ያለው ማንቆርቆሪያ።
- የብረት ምጣድ፣ የእንጨት ማማሰያና ሰፌድ።
- ቡናው የሚንጠባጠብበት ጆግ፣ ጊዜ የሚቆጥር ስልክ፣ 1 ሊትር የተዘጋጀ ውኃ።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፦ ውኃችን በስንት ዲግሪ ይፈላል?

ውኃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል፤ ከፍታ 300 ሜትር ገደማ በጨመረ ቁጥር ደግሞ የመፍያው ሙቀት 1 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውኃው በ96 ዲግሪ አካባቢ፣ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሐረር ደግሞ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ለፊልተር ቡና የሚመከረው ሙቀት ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ነው። ስለዚህ በየመመሪያው የምናነበው «ውኃው ከፈላ በኋላ 30 ሰከንድ ወይም 1 ደቂቃ እንዲበርድ ይጠብቁ» የሚለው ምክር በእኛ አገር ከፍታ አይሠራም። ሐረር ላይ አንድ ደቂቃ የጠበቀ ሰው፣ ውኃው ከማንቆርቆሪያው ወጥቶ ዱቄቱን እስኪነካ ድረስ የሚጠፋው ሙቀት ሲጨመርበት፣ ቡናውን ከ90 ዲግሪ በታች እያፈላ ነው፤ ውጤቱም ቀጭንና ኮምጠጥ ያለ ይሆናል። ለስለስ ብሎ ለተቆላ ቡና በሁለቱም ከተሞች ውኃውን ገና እየተፍለቀለቀ ሳለ ያፍስሱ። መጠበቅ የሚጠቅመው ቡናው ጠቁሮ የተቆላ ሲሆን ብቻ ነው፤ የጠቆረ ቡና ምሬቱን ቶሎ ስለሚለቅ 1 ደቂቃ ያህል ቢበርድለት ይሻለዋል።

የአሠራር ደረጃዎች

1. ጥሬውን ቡና ይምረጡ። ከቀፊራም ሆነ ከሸዋ በር ሲገዙ መጀመሪያ የዘንድሮ ምርት መሆኑን ይጠይቁ፤ ቀጥሎም እጅዎን ወደ ጆንያው ውስጥ አስገብተው ከሥር አንድ እፍኝ ያውጡና ያሽትቱ። ደህና የሐረር ቡና ወደ ቢጫ ያደላ አረንጓዴ መልክ አለው፤ ስለዚህ ቢጫነቱ ብቻውን አያስደንግጥዎት። የነጣና የደበዘዘ፣ ጆንያ ጆንያ ወይም ሻጋታ የሚሸት ከሆነ ግን ያረጀ ወይም እርጥበት የገባው ነው። ቡና የአካባቢውን ሽታ የሚስብ ፍሬ ስለሆነ ከቅመማ ቅመም፣ ከሳሙናና ከነዳጅ አጠገብ ከተቀመጠ ቸርቻሪ አይግዙ፤ ይህ ሽታ በመቁላት አይጠፋም።

2. ይልቀሙ። ቡናውን በሰፌድ ላይ ስስ አድርገው በቀን ብርሃን ይዘርጉና ጥቁሩን፣ ቀይ ቡናማ የሆነውን፣ ነቀዝ የበሳውን፣ የተሰበረውን፣ የሻገተውን፣ ገለባውንና ጠጠሩን ያውጡ። በስፔሻሊቲ መለኪያ 350 ግራም ጥሬ ቡና ውስጥ አንድም ሙሉ ጥቁር ወይም ሙሉ በሙሉ የኮመጠጠ ፍሬ እንዲገኝ አይፈቀድም። ይህን ያህል ጥብቅ የሆነበት ምክንያት 15 ግራም በምታህል አንድ ፍል ውስጥ አንድ የበሰበሰ ፍሬ ሙሉ ኩባያውን ለማበላሸት ስለሚበቃ ነው። ከ250 ግራም ውስጥ 30 ወይም 40 ግራም ቢወጣ አይዘኑ።

ትዕግሥቱ ካለዎት በዚሁ ጊዜ ፍሬውን በመጠን ይለዩት፤ ረጃጅሙን ለብቻ፣ አጫጭሩን ለብቻ፣ ሞካ የሚባለውን ድብልብሉን ፍሬ ለብቻ ያድርጉ። ትንሹ ፍሬ ትልቁን ሳይጠብቅ ስለሚቆላ፣ ተቀላቅለው ምጣድ ላይ ከወጡ አንዱ ሲያር ሌላው ጥሬ ይሆናል።

3. ይቁሉ። ለጀበና ቡና እንደምናደርገው ጥሬውን አጥበው ወዲያው ምጣድ ላይ አያውሉት። የራሰ ፍሬ መጀመሪያ በእንፋሎት ስለሚበስልና ውኃው እኩል ስለማይደርቅ ቁላቱ ይዘበራረቃል። አቧራ ካለው በደረቅ ጨርቅ ያሻሹት፤ የግድ ካጠቡት ደግሞ በጥላ ሥር ሙሉ በሙሉ ያድርቁት።

ምጣዱን በመካከለኛ እሳት አግለው 200 ግራም ያህል ይጨምሩና ያለማቋረጥ ያማስሉ። ከዚህ በላይ ከጨመሩ የላይኛው ፍሬ ከብረቱ ጋር ሳይገናኝ ይቀራል። ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ጊዜ ፍሬው ቢጫ ይሆንና የገብስ ቆሎ የመሰለ ሽታ ያመጣል፤ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ደግሞ መንጣጣት ይጀምራል። ሰዓትዎን የሚይዙት እዚህ ላይ ነው። መንጣጣቱ በደንብ ከተያያዘ በኋላ ለ1 ደቂቃ ተኩል፣ ቢበዛ ለ2 ደቂቃ ብቻ ያቆዩትና ያውጡት። ዘይት እስኪያወጣና እስኪያብለጨልጭ ከጠበቁ የዘቢቡና የእንጆሪው ጣዕም ተቃጥሎ የሚቀረው የከሰሉ ምሬት ነው። እናቶቻችን ለጀበና አጥቁረው የሚቆሉት ለዚያ አፈላል ስለሚስማማ ነው፤ ያንኑ ቁላት በወረቀት ሲያጣሩት ግን ምሬቱ ብቻ ጎልቶ ይወጣል። የጥያቄው ሁሉ ግማሽ መልስ እዚህ ላይ እንዳለ አምናለሁ።

የሐረር ቡና መልኩ እኩል ሆኖ ስለማይቆላ ዓይንዎን ብቻ አይመኑ። ከምጣዱ የወጣውን ይመዝኑ፦ 200 ግራም ጥሬ ከ168 እስከ 176 ግራም ሆኖ ከወጣ ለፊልተር ደህና ነው። 160 ግራም ከሆነ አልፏል፤ ከ178 በላይ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ገና ጥሬ ነው።

4. ቶሎ ያቀዝቅዙና እንደገና ይልቀሙ። ወዲያውኑ ሰፌድ ላይ ገልብጠው እያንዘፈዘፉና እያራገቡ በ3 ወይም በ4 ደቂቃ ውስጥ እንዲቀዘቅዝ ያድርጉ፤ ፍሬው በውስጡ በያዘው ሙቀት ከምጣድ ከወጣ በኋላም መቆላቱን ስለሚቀጥል መዘግየቱ ያጠቁረዋል። ገለፈቱም በዚሁ ይበናል።

ከቀዘቀዘ በኋላ ሌሎቹ ቡናማ ሲሆኑ ገርጥተው የቀሩ ፍሬዎችን ያያሉ። እነዚህ ሳይበስሉ ከዛፍ የወረዱ ናቸው፤ ጥሬ ሳሉ አይለዩም፣ ሲቆሉ ግን ስኳር ስለሌላቸው መልክ አይዙም። አንዱን አኝከው ይዩት፤ የከረመ ኦቾሎኒና የወረቀት ጣዕም አለው። በደረቅ በሚዘጋጅ ቡና ውስጥ ስለሚበዙ ይህን ሁለተኛ ለቀማ የሚዘሉ ሰዎች ለምን ቡናቸው እንደሚደበዝዝ አያውቁም።

5. ያሳርፉት። አዲስ የተቆላ ቡና ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል፤ ጋዙም ውኃው ወደ ዱቄቱ እንዳይገባ ይገፋዋል። ስለዚህ አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ከ2 እስከ 4 ቀን ያሳርፉት። ከዚያ በኋላ በድሬዳዋ ሙቀት በ2 ሳምንት፣ በሐረር ደግሞ በ3 ወይም በ4 ሳምንት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱት፤ ሙቀት ሽታውን ቶሎ ያበነዋል። ዕቃውን ከምድጃና ከመስኮት ያርቁ። ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚከቱ አሉ፤ ከቅቤና ከበርበሬ ጎን የሰነበተ ቡና ምን እንደሚሆን ለመገመት አያስቸግርም። በተጨማሪም በተከፈተ ቁጥር እርጥበት ይይዘዋል።

6. ውኃውን ያዘጋጁ። ከኩባያው ውስጥ ከ98 በመቶ በላይ የሚሆነው ውኃ ስለሆነ ይህን ደረጃ እንደ ትርፍ ሥራ አይቁጠሩት። የማንቆርቆሪያዎ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ከያዘ ውኃዎ ኖራ አለበት ማለት ነው። ከኖራው ጋር ያለው ባይካርቦኔት የቡናውን ፍሬያማ ኮምጣጣነት ስለሚገድለው፣ ሐረርን ሐረር የሚያሰኘው ጣዕም ቡናው ምንም ቢያምር ይጠፋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ማታ ውኃውን ለ10 ደቂቃ ያፍሉና ተሸፍኖ ይደር፤ ሲፈላ ኖራው ከውኃው ተለይቶ ወደ ታች ይዘቅጣል። ጠዋት ሳይነቀንቁ ከላይ ያለውን ብቻ ቀድተው የመጨረሻውን አንድ አምስተኛ ይድፉት። የክሎሪኑም ሽታ በዚሁ ይወጣል። የታሸገ ውኃ የሚጠቀሙ ከሆነ በመለያው ላይ ቲዲኤስ (TDS፣ በውኃው ውስጥ የሟሙ ማዕድናት ጠቅላላ መጠን) የሚለውን ቁጥር ይፈልጉ፤ በአንድ ሊትር ከ75 እስከ 250 ሚሊ ግራም ያለው ይሠራል፣ ወደ 150 የተጠጋው ደግሞ የተሻለ ነው። ምንም ማዕድን የሌለው የተጣራ ውኃ ይስማማል ብለው አያስቡ፤ ጥቂት ካልሲየምና ማግኒዥየም ከሌለ ውኃው ጣዕሙን ከዱቄቱ ጥሩ አድርጎ አያወጣም። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን ውኃማ በጭራሽ አይጠቀሙ፤ ለመጠጥ የተዘጋጀ አይደለም።

7. ይመዝኑ። ለአንድ ኩባያ 15 ግራም የተቆላ ቡና ለ250 ግራም ውኃ ይያዙ፤ 1 ሚሊ ሊትር ውኃ 1 ግራም ስለሚመዝን በዚያው ሚዛን ሁለቱንም መለካት ይቻላል። ለሁለት ሰው 30 ግራም ለ500 ይሆናል። ከዚህ ልኬት ተነሥተው ወደሚወዱት ይሄዳሉ እንጂ ያለ ልኬት ተነሥተው የትም አይደርሱም።

8. ይፍጩ። ለጀበና የሚወቀጠው ቡና ወደ ሽሮ ዱቄት ይጠጋል፤ ለፊልተር ግን በጣት መካከል ሲታሽ እንደ ደቃቅ አሸዋ ወይም እንደ ስኳር የሚሻክር መሆን አለበት። የላመ ዱቄት ውኃውን ያግደውና ምሬት ያወጣል፤ የከረደደው ደግሞ ውኃው ሳይነካው ያልፍበታል።

ሙቀጫ ብቻ ያለዎት ከሆነ 22 ግራም ያህል ወስደው ዘነዘናውን ከፍ አድርገው ሳይሆን በአጭሩ እየተጫኑ ይከስክሱት። ከዚያም በሻይ ማጥለያ ይንፉት፤ ቀድሞ የወረደውን ብናኝ ለጀበና ያስቀምጡ፣ ያልደቀቀውን ትልልቁን ለይተው ይድገሙ፣ ከመካከለኛው 15 ግራም ይመዝኑ። ጊዜ ይወስዳል፤ ሆኖም መብራት በጠፋ ቀንም አያስቀርዎትም። በስለት የሚቆራርጠው የኤሌክትሪክ መፍጫ ከተነፋ ሙቀጫ አይሻልም፤ እንዲያውም ብናኙና ትልቁ ይበዛበታል። በየትኛውም ቢፈጩ ለማፍላት በተነሡበት ሰዓት ይሁን፤ የተፈጨ ቡና ሽታው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይሳሳል።

9. ወረቀቱን ይጠቡ። ወረቀቱን መያዣው ላይ አድርገው በፈላ ውኃ በደንብ ያርሱትና የወረደውን ውኃ ከጆጉ ይድፉት። ይህ የወረቀቱን ሽታ ያወጣል፣ መያዣውንና ጆጉንም ያሞቃል። ሸክላ መያዣ ያለዎት ሐረር ላይ ከሆኑ ሁለት ጊዜ ያድርጉት፤ ቀዝቃዛ ሸክላ ከ94 ዲግሪው ላይ ብዙ ይቀንሳል።

10. ዱቄቱን ያርጥቡ። 15 ግራሙን ጨምረው በእጅዎ መታ መታ በማድረግ ደልድሉት፤ ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሰው ሰዓቱን ያስጀምሩ። ከመካከል ጀምረው ወደ ዳር እየዞሩ 40 ግራም ውኃ ያፍስሱና 45 ሰከንድ ይጠብቁ። ዱቄቱ ሲያብጥና አረፋ ሲያወጣ የቀረው ጋዝ እየወጣ ነው። ጋዙ ሳይወጣ ሁሉንም ውኃ ካፈሰሱ ግማሹ ዱቄት ደርቆ ይቀራል። ምንም አረፋ ካልታየ ቡናው አርጅቷል፤ ይጠጣል፣ ግን ከዚህ መመሪያ ብዙ አይጠብቁ።

11. ቀሪውን ያፍስሱ። በ45ኛው ሰከንድ እስከ 150 ግራም፣ በ1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ ደግሞ እስከ 250 ግራም ድረስ በቀጭኑ ያፍስሱ። ውኃውን ከወረቀቱ ዳር አያስነኩት፤ ዳር የወረደ ውኃ ቡና ሳይነካ ያልፋል። የእኛ አገር ቡና ሲፈጭ ብናኝ ስለሚበዛው ወረቀቱን ቶሎ ይደፍናል፤ ስለዚህ ከፍ አድርገው አያፍስሱ፣ በማንኪያም አያማስሉ። መንጠባጠቡ ከ2 ደቂቃ ተኩል እስከ 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ማለቅ አለበት። ከ4 ደቂቃ በላይ ከቆየ የቀረውን ሳይጠብቁ መያዣውን ያንሡ።

12. ያዟዙሩና ይቅመሱ። መጀመሪያ የወረደው ወፍራም፣ መጨረሻ የወረደው ቀጭን ስለሆነ ጆጉን አዟዙረው ይቅዱ። 2 ወይም 3 ደቂቃ ይታገሡ፤ እንፋሎቱ እየወጣ ሳለ ምላስ የሚለየው ሙቀቱን ብቻ ነው። ስኳርም ሆነ ጨው የሚጨምሩ ሰዎች የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጉንጮች ባዶውን ይጠጡ፤ ካለዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን እርማት ለማድረግ አይችሉም።

የተለመዱ ስህተቶችና እርማታቸው

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ። ፍጨቱንም፣ መጠኑንም፣ ውኃውንም አንድ ላይ የለወጠ ሰው የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም።

ቡናው መርሮ ጉሮሮን የሚያደርቅ ከሆነና መንጠባጠቡም ከዘገየ ፍጨቱ ልሟል፤ ትንሽ ያክርድዱት። በልኩ ጊዜ ወርዶም ከመረረ ግን ጥፋቱ የፍጨት ሳይሆን የቁላት ነው፤ በሚቀጥለው ቁላት ከመንጣጣቱ በኋላ ያለውን ጊዜ በግማሽ ደቂቃ ያሳጥሩ። ቀጭን ሆኖ እንደ ጥሬ ሎሚ የሚቆረጥም ከሆነ ፍጨቱን ያላሙት፣ ውኃውም በእርግጥ እየፈላ መሆኑን ይመልከቱ። ምሬትም ኮምጣጣነትም ሳይኖረው እንዲሁ ደብዝዞ ከቀረ መጀመሪያ ውኃውን ይጠርጥሩ፤ አንድ ጊዜ በታሸገ ውኃ አፍልተው ያነጻጽሩ።

የወይን ጠጅን የሚያስታውስ ሽታ በሐረር ቡና ላይ የሚጠበቅ እንጂ ጉድለት አይደለም። የበሰበሰ ሽንኩርት ወይም የአቼቶ ሽታ ከመጣ ግን ፍሬው ሳይገላበጥ ተከምሮ የደረቀ ነው። ይህን ደግሞ በማፍላት ማስተካከል አይቻልም፤ ሌላ ቡና ይግዙ።

ብዙ ጊዜ የማየው ሌላው ስህተት ቡናው ቀጠነ ተብሎ ውኃውን ሳይቀንሱ ዱቄቱን እየጨመሩ መሄድ ነው። ዱቄቱ ሲበዛ ውኃው ከእያንዳንዱ ቅንጣት የሚያወጣው ስለሚያንስ ቡናው ይበልጥ ይኮመጥጣል። 17 ግራም ላይ ደርሰው አሁንም ከቀጠነብዎት ችግሩ መጠኑ ሳይሆን ፍጨቱ ነው።

የፊልተር መያዣ ለሌለው

ያንኑ 15 ግራም ትንሽ አክርድደው ፈጭተው በጆግ ውስጥ ያድርጉና 250 ግራም የፈላ ውኃ አፍስሰው ይክደኑት። በ4ኛው ደቂቃ ሦስት ጊዜ አማስለው ከላይ የተንሳፈፈውን አረፋ በማንኪያ ያንሡ፤ ከዚያም ሌላ 5 ደቂቃ ሳይነኩት እንዲዘቅጥ ትተው በማጥለያ በቀስታ ይቅዱ፣ አተላውንም በሥሩ ይተዉት። ጥሩ ወረቀት ሲጠፋ እኔም የምጠቀመው ይህን ነው።

በጀበና ማፍላት የሚፈልጉ 20 ግራም ለ300 ግራም ውኃ ይያዙ። ውኃው ከፈላ በኋላ ቡናውን ጨምረው አረፋው ወደ አንገቱ ሲወጣ ያውርዱት፤ መልሰው እንዳያፈሉት። ጀበናውን ማቶቱ ላይ ለ4 ደቂቃ ያሳርፉ። ለስለስ ብሎ ከተቆላ ቡና አቦሉን እንጂ ቶናና በረካ አይጠብቁ።

በሙቀት ወራት፦ በበረዶ ላይ ማፍላት

ድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ ትኩስ መጠጥ የማያሰኝበት ጊዜ አለ። ጆጉ ውስጥ 110 ግራም በረዶ ያድርጉ፤ ከላይ በ18 ግራም ቡና ላይ 160 ግራም የፈላ ውኃ በሁለት ዙር ያፍስሱ። የሚቀልጠው በረዶ የጎደለውን ውኃ ይሞላል፤ ትኩሱ ቡና በቅጽበት ስለሚቀዘቅዝም ሽታው አይበንም። ፍጨቱን ከተለመደው ትንሽ ያላሙት፤ ውኃው ስላነሰ ጣዕሙን ለማውጣት ይረዳዋል። በረዶው የሚሠራው በደረጃ 6 ከተዘጋጀው ውኃ ይሁን፤ አለበለዚያ በበር ያስወጡትን ኖራ በመስኮት ያስገቡታል። ቡናውን በቀዝቃዛ ውኃ ነክረው የሚያሳድሩ ሰዎች ደግሞ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንጂ በድሬዳዋ የቤት ሙቀት ጠረጴዛ ላይ አያሳድሩት፤ ይበላሻል።

ማስጠንቀቂያ

ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አያንድዱ፤ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላልም። ሲቆሉ በርና መስኮት ይከፈት፣ ደረቅ ገለፈት እሳት ስለሚይዝም ከምድጃው ዙሪያ ይጠረግ። የፈላ ውኃ የያዘ ማንቆርቆሪያ ልጆች በሚደርሱበት ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አይቀመጥ።

15 ግራም የሐረር ቡና 180 ሚሊ ግራም ያህል ካፌይን ይይዛል፤ አብዛኛውም ወደ ኩባያው ይወርዳል። ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400፣ ለነፍሰ ጡር እስከ 200 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመከራል። የፊልተር ቡና ቀጭን ስለሚመስል «ይህ ምን አላት» እያሉ ሦስት ኩባያ ጠጥተው እንቅልፍ ያጡ ጎረቤቶች አሉኝ።

ጽዳት

ያገለገለውን ወረቀት ወዲያው ይጣሉ። መያዣውንና ጆጉን በሙቅ ውኃ ይጠቡ፤ የቡና ቅባት ከቀረ እየቆየ ይሸታል። ማንቆርቆሪያው ነጭ ቅርፊት ሲይዝ የሁለት ሎሚ ጭማቂ በውኃ አፍልተው ግማሽ ሰዓት ያቆዩትና ሁለት ጊዜ ያለቅልቁት። መፍጫውን በውኃ ሳይሆን በደረቅ ብሩሽ ያጽዱ፤ ብረቱ ይዝጋል። ኮረሪማ ወይም ዝንጅብል መፍጨት ሲያስፈልግዎ ሌላ ዕቃ ይጠቀሙ፤ የኮረሪማ ሽታ አንዴ ከጥርሶቹ መካከል ከገባ ለሳምንታት ከየኩባያው አይጠፋም።